ቀብር ያልመጣው አበዳሪ

ሙሄዲን የባንክ ቤቱን ደረጃ በዝግታ ወጣ። ከወሎ ወጥቶ አሥመራ ከገባ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን ፎርቶ ኮረብታ ሥር ሻሂ እየሸጠ፣ በሰው ቤት ተከራይቶ ኖሯል። አሁን ግን ጎዳይፍ ሰፈር ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተገኝቷል። ባለቤቱ፣ አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ፣ ወደ አገሩ ሊመለስ ስለ ተነሣ እስከ ቅዳሜ ብቻ እንደሚጠብቀው ነግሮታል። በቅድሚያ የሚከፈለውን ሙሄዲን በስንት ድካም አጠራቅሟል፤ የቀረውን የሚያበድረው ባንኩ ነው።

ጸሐፊው ኣባዲ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ ጨዋ ሰው ነበር። ፋይሉን ገልጦ አነበበ።

«ሐቁን ልንገርዎ፣ አቶ ሙሄዲን። ስምዎ ንጹሕ ኣይደለም።»

«የእኔ ስም? የሰው ሳንቲም አስቀርቼ አላውቅም!»

«እወ፣ እርስዎ ኣላስቀሩም። ኢንድሪስ የሚባል ሰው ግን የስፌት ማኪና በወር ክፍያ ወስዶ ስምንት ወር ኣልተከፈለበትም። ዋሱ እርስዎ ነዎት።»

«ኢንድሪስ ሞቷል እኮ።»

«ዋሱ ግን ኣልሞተም» አለ ኣባዲ፤ ቀልድ መምሰሉን አይቶ ግን ፊቱን ሰበሰበ። «ዋስ ሆነው ሲፈርሙ ሁለተኛው ተበዳሪ እርስዎ ሆኑ ማለት ነው። ባለሱቆች ያልከፈሉትን ሰዎች ስም ይልኩልናል፤ እኛም ከማበደራችን በፊት እናያለን። ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከባለሱቁ ያምጡልኝ።»

ወረቀቱ ሁሉ በአማርኛ ከሆነ ወዲህ፣ ስሙን አሳምሮ የሚጽፈው ሙሄዲን ለአገሩ ልጆች ሁሉ ይፈርም ነበር። እምቢ ማለት ነውር ነው። መፈረሙንም እንደ ምርቃት እንጂ እንደ ዕዳ ቆጥሮት አያውቅም።

ደረጃውን ሲወርድ የኢንድሪስ ቀብር ትዝ አለው። እንደ ልማዳቸው፣ አፈሩ ከመመለሱ በፊት በዕድሜ የሚበልጠው እርሱ ቆሞ፣ «በዚህ ሰው ላይ ገንዘብ ያለው ይናገር፤ ወይ ይቀበል፣ ወይ አውፍ ብሎ ይተውለት» ብሎ ጠይቆ ነበር። ሁለት ሰዎች አውፍ አሉ። ሌላ የተናገረ አልነበረም። «እንግዲህ ኢንድሪስ ከዕዳ ነጻ ነው» ብሎ ያወጀው የራሱ አፍ ነው። እነርሱ ዘንድ ያበደረ ሰው ከቀብር አይቀርም። ማኪናውን ስለ ሰጠው ባለሱቅ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

ሙሄዲን ሱቁ ድረስ ሲሄድ ባለሱቁ ነገሩን አላስረዘመም። ውሉ ስለ ፈረሰ የቀረው ሦስት መቶ ብር በአንድ ጊዜ ይከፈል፤ አለዚያ ማኪናው ይመለስ አለ።

ሙሄዲን በአውቶቡስ ጎዳይፍ ወረደ። የኢንድሪስ ሚስት ጠይባ የተማሪዎች ልብስ ትሰፋ ነበር፤ የመጣበትን ስትሰማ እግሯን ከማኪናው መርገጫ አነሣች።

«አያ ሙሄ፣ ነጻ ነው ያሉት አንቱ አይደሉ? አንቱን አምኜ ነው መክፈሌን የተውኩት።»

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

«በሉ ይውሰዱት እንግዲህ» አለችና ክሩን መፍታት ጀመረች።

«ተይው፣ ልጄ። ሥራሽን ሥሪ።»

ማታ ነገሩን ለሚስቱ ለቀድሪያ ሲነግራት በሳቅና በቁጣ መካከል ሆነች። «ላገሩ ሁሉ ዋስ፣ ለእኔ ግን ተከራይ!» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማኪናውን ብትወስድባት ግን በዚያ ቤት አንድ ቀን አላድርም» አለች።

ሐሙስ ዕለት ለቤቱ ቅድሚያ ካጠራቀመው ላይ ሦስት መቶ ብር አንሥቶ ለባለሱቁ ከፈለ። ቅዳሜ ጣሊያናዊው የጎደለውን ሲቆጥር ራሱን ነቀነቀ፤ ቤቱንም ለሌላ ሰው ሸጠ። ሰኞ ኣባዲ ደብዳቤውን ተቀብሎ የሙሄዲንን ስም ከዝርዝሩ ሰረዘ።

«የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ። ሌላ ቤት ሲያገኙ ይምጡ። እስከዚያው ለማን ለማን እንደ ፈረሙ ጽፈው ይያዙ።»

ሙሄዲን በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ሰባት ላይ ሲደርስ ደከመውና ተወው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሙሐመድኑር የተባለ ነጋዴ ሞተ። ሙሄዲን እንደ ወትሮው መቃብሩ ጫፍ ቆመ፤ የተለመደውን ጠየቀ፤ ሁሉም አውፍ አሉ። እርሱ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

«ከሱቅስ በወር ክፍያ የወሰደው አለ? ዋሱስ ማን ነው?»

«ይህ ቀብር ነው ወይስ ባንክ ቤት?» አለ አንዱ።

ማንም አልሳቀም። ከኋላ የዋሱ እጅ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ነገ ጧት ከሟቹ ሚስት ጋራ ሆነን ባለሱቁ ዘንድ እንሄዳለን» አለ ሙሄዲን፤ ጉልበቱን ይዞ ጎንበስ አለና አፈሩን ዘገነ።