ጋስተን በየት በኩል ይለፍ

«ጨው አንሶታል» አለ ኡርባን፣ የጎመኑን ሾርባ በትልቁ ጭልፋ እየቀመሰ።

ጭልፋው የሉሴት ነው፣ ድስቱ የሷ ነው፣ ጎመኑም ከጓሮዋ የተቆረጠ ነው። እሷ ግን በገዛ ወጥ ቤቷ ጥግ ላይ ወንበር ተሰጥቷት እንደ እንግዳ ተቀምጣለች። ኡርባን ሉስታሎ ስድስት ዓመት ሙሉ የዚህን ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም። አሁን ጨው ፍለጋ መሳቢያዎቹን ያለ ማንም ፈቃድ ተራ በተራ ይከፍታል።

በኛ ሸለቆ ሰው ሲሞት ቤተሰቡ እሳት አይነካም። አስከሬኑ እስኪወጣ ድረስ ቤቱን የሚይዘው የመጀመሪያው ጎረቤት ነው። የመጀመሪያው ጎረቤት ማለት የሚወዱት ሰው ማለት አይደለም፤ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ቤት ለቤት የተደለደለ ስለሆነ አይመረጥም፣ አይለወጥም። ደወሉን የሚያስደውል እሱ፣ መስኮቱን ዘግቶ ሰዓቱን የሚያቆም እሱ፣ በቀብሩ ዕለት መስቀሉን ይዞ ከፊት የሚሄድም እሱ ነው። መስቀሉ በሄደበት ሬሳው ይከተላል። የሉሴት ቤት የመጀመሪያ ጎረቤት ደግሞ ኡርባን ሆኖ ተገኘ። ልጇ ማይሊስ ከቦርዶ እንደደረሰች ሄዳ በሩን አንኳኳች። ኡርባን ሰማት፣ «እሺ» አለ፣ ኮቱን ለበሰና ተከተላት።

ባሏ ጋስተን ከግድግዳው ወዲያ፣ መኝታ ቤት ውስጥ በሣጥኑ ተኝቷል። ሣጥኑ ተዘግቷል፤ የገጨው ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ሰው የሚያየው ፊት አላስቀረለትም።

«ነገ በትልቁ መንገድ ነው የምንሄደው» አለ ኡርባን ጨው እየነሰነሰ። «ለሬሳ መኪናው ሰዎች ነግሬያቸዋለሁ።»

«በወንዙ ነው የሚሄደው» አለች ሉሴት።

«የወንዙ መንገድ ተዘግቷል።»

«ማን እንደዘጋው አውቃለሁ። ቁልፉም ኪስህ ውስጥ ነው።»

«ልክ ነሽ» አለና ኡርባን ኪሱን መታ መታ አደረገው።

«ባሌን የገደለው መንገድ ላይ መልሼ አልወስደውም፣ ኡርባን። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ። ጨዉ አሁን ደህና ሆኗል» አለ ኡርባን፣ ድስቱንም ከደነ።

ጋስተን የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ ሲቀር ጡረታ አወጡት፣ እሱም ብስክሌት ገዛ። መጀመሪያ ላይ ሆዱን ለመቀነስ ነው ብሎ ነበር፤ ከዚያ ነገሩ ሌላ ሆነ። በሸለቆው ውስጥ መኪና የማይበዛባቸውን መንገዶች እየፈለገ፣ አንዱን ከሌላው እየቀጠለ፣ ከተራራው ሥር እስከ ታች ድልድይ ድረስ ሰው በሰላም ብስክሌት የሚነዳበት መስመር አወጣ። አሠራሩ ያስቅ ነበር። መንታ መንገድ ላይ ሣሩ ላይ ቁጭ ይልና የአሳማ ሥጋ የገባበትን ዳቦውን ይበላል። በልቶ ሳይጨርስ መኪና ካለፈ ያ መንገድ ተሰረዘ። ካላለፈ ተነስቶ አስፋልቱ ላይ ትንሽ ቢጫ ቀስት ይቀባል። ያን ሰሞን ቀስ ብሎ ማኘክ ለመደ፤ እቤት እንኳ እራት አያልቅለትም ነበር።

ከዚያ እንግዶቹ መጡ። ሆላንዱ፣ እንግሊዙ፣ ጀርመኑ ቦርሳውን ብስክሌቱ ላይ ጭኖ ቀስቱን እየተከተለ ወረደ። ጋስተን እሑድ በጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። ለማያውቀው ሰው ጎማ ሲለጥፍ ይውላል፤ የሉሴት የጓዳ ቧንቧ ግን ዓመቱን ሙሉ ያንጠባጥባል። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። አሁን ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ምን ዓይነት መልካም ሰው ነበር» እያለ ከንፈሩን ሲመጥ፣ ቧንቧው ትዝ እያላት ደሟ ይፈላል።

የመስመሩ ክፉ ቦታ አንድ ብቻ ነበር። የወንዙ መንገድ በኡርባን ግቢ መካከል፣ በቤቱና በበረቱ መሀል ነው የሚያልፈው። ኡርባን አጉረመረመ እንጂ አልከለከለም፤ እንዲያውም ሚስቱ ዴኒዝ ለእንግዶቹ ወተትና ኬክ ትሸጥ ጀመር። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ከግቢው ወደ ግጦሹ የሚወስደውን የእንጨት በር ያለፈ ሁሉ መልሶ እንዲዘጋው። አንድ የጸደይ ማታ ግን፣ ዝናብ እየወረደ ወንዙም ሞልቶ ሳለ፣ በሩ ተከፍቶ አደረ። አራት ጊደሮች ወጥተው ወንዝ ገቡ። በማግስቱ ጋስተን መጥቶ «ሁለት ሆላንዶች ማታ በዚህ አልፈዋል» አለ። ኡርባን በዚያው ቀን በሩ ላይ ሰንሰለት አሰረ። ሁለቱ ቤቶችም ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ቁልፍ ከመለመን ሞት ይሻለኛል ብሎ ጋስተን በትልቁ መንገድ፣ ከግንድ ጫኞቹ ጋር እየተጋፋ መሄድ ጀመረ። እንዳለውም ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። ሁለት ሴቶች ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው የሚንሾካሾኩት ሉሴት ጆሮ ደረሰ።

«በዚያ ዕድሜ ብስክሌት! መኪናው ቆሞ እያለ።»

«ኡርባን ሰንሰለቱን ባያስር ኖሮ እኮ...»

«ዝም በይ፣ እዚያ ቆሟል።»

ኡርባን የወይን ጠርሙስ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። የጋስተን የብስክሌት ማኅበር ሰዎች በቢጫ ማሊያና ጭናቸው ላይ በተጣበቀ ቁምጣ ሲመጡ መንገዱን ዘጋባቸው።

«ይሄ ሬሳ ያለበት ቤት ነው። ሱሪ ለብሳችሁ ኑ።»

«በዚህ ልብስ ነው የሚያውቀን» አለ አንደኛው።

«እሱ አሁን ማንንም አያውቅም።»

«ይግቡ!» አለች ሉሴት ከውስጥ።

«በዚህ ቤት የማዘው እኔ ነኝ፤ እስከ ነገ» አለ ኡርባን ፊቱን ሳያዞር። ሰዎቹም የራስ ቁራቸውን እንደያዙ ደጅ ቆመው ጸለዩና ሄዱ። ማይሊስ ወደ ኡርባን ስትራመድ እናትየው ክንዷን ያዘቻት።

ሉሴት እንጨት ወደሚከመርበት ጓሮ ኡርባንን ተከትላው ወጣች።

«ምን እንድልህ ነው የምትፈልገው? እንድለምንህ?»

«ብትለምኚኝም አልችልም።» ኡርባን የተሸከመውን እንጨት አስተካከለ። «ሬሳ ያለፈበት መንገድ የሁሉም ሰው መንገድ ነው። አባቴ ነግሮኛል፣ እዚህ ሸለቆ ውስጥ የማያውቅ የለም። ነገ ባልሽን ባሳልፍ ከነገ ወዲያ ሰንሰለቴን ማን ያከብርልኛል? ይሄ ሰውዬ በሕይወቱ ያልወሰደውን ሞቶ ሊወስድብኝ ነው?»

ከዚያ የኡርባን ድምፅ ትንሽ ለዘብ አለ።

«አንድ ነገር ግን አልነፍገውም። ሐቀኛ ነበር። ጊደሮቼ የሞቱ ለት ዓይን ዓይኔን እያየ ሆላንዶቹ ናቸው አለኝ። የራሱን እንግዶች አሳልፎ ሰጠ። ይህን የሚያደርግ ሰው ብዙ አይደለም። ማታ ከዴኒዝ ጋር ስናወራ ነበር... ለዚህች ሐቁ ስንል፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን...»

ዝም ብትል ኖሮ መንገዱ ተከፍቶላት ነበር። ሉሴትም ይህን አውቃለች። ግን ሰሞኑን ሰው ሁሉ የማታውቀውን ባል እያመጣ ሲያስታቅፋት ሰነበተ፣ አሁን ደግሞ ጠላቱ ሳይቀር ሊያመሰግነው ነው። ከዚህ በላይ መሸከም አቃታት።

«በሩን የተወው እሱ ነው» አለች።

«ምን?»

«ጋስተን ነው። ያን ማታ በስብሶ ገባና ‹የኡርባንን በር የዘጋሁት አይመስለኝም› አለኝ። ተመልሰህ እየው አልኩት። ‹ዝናብ ነው፣ ነገ አየዋለሁ› አለኝ። እኔም ሾርባ ጨለፍኩለትና ተቀምጠን በላን። ሆላንዶቹ በድልድዩ በኩል ነው የሄዱት፤ በዚህ አልመጡም።»

ኡርባን እንጨቱን አንድ በአንድ ክምሩ ላይ መለሰው። ፊቱ ጠቁሯል።

«ልከፍትልሽ ነበር እኮ» አለ በመጨረሻ። «ምነው አንድ ቀን ብትታገሺ?»

«ሐቀኛ አልክልኝ።»

ኡርባን በጓሮው በር ወጥቶ ሄደ። ዴኒዝ ብቻዋን ቀርታ ለለቅሶተኛው ሾርባውን አደለች፤ ሉሴት ጋ ስትደርስ ሳህኑን ሳታያት አስቀመጠችላት።

«እማዬ፣ ምን አልሽው?» አለች ማይሊስ።

«እውነቱን።»

«ጥሩ ጊዜ መርጠሻል።»

በማግስቱ የሬሳው መኪና ደጅ ቆሞ ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ ይጠብቃል፤ ኡርባን የለም። የመጀመሪያ ጎረቤቱ የቀረበት ሬሳ በኛ አገር ታይቶ አይታወቅም። ሰዎች መሬት መሬት እያዩ ይንሾካሾካሉ። ማይሊስ መስቀሉን እኔ ልያዝ ብትል ሉሴት «ተይው፣ እሱ ካልያዘው ግድግዳው ይያዘው» አለቻት። በልቧ ግን ተሸንፋለች። ለባሏ የቀራትን አንድ ነገር በገዛ አፏ አበላሽታዋለች፤ ከኡርባን ይልቅ በራሷ ተናደደች፣ ከራሷም ይልቅ በጋስተን።

ያኔ የጎማ ድምፅ ተሰማ። ኡርባን ከሦስት ጎረቤቶች ጋር የቤተ ክርስቲያኑን አሮጌ የሬሳ ጋሪ እየጎተተ መጣ። መኪና በሌለበት ዘመን የተሠራ፣ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ነው። ለማንም ሰላም ሳይል ለመኪናው ሾፌር «አንተ በትልቁ መንገድ ሂድና ቤተ ክርስቲያን ጠብቀን» አለው።

ሉሴት ቀረበችው። «አመሰግ...»

«አታመስግኚኝ። ለሱ ብዬ አይደለም» አለ ኡርባን መስቀሉን እያነሳ። «ጊደሮቼን የገደለበትን ቦታ አይቶ ይሂድ።»

ሣጥኑን ጫኑትና ወደ ወንዙ ታጠፉ። ኡርባን ግቢው ሲደርስ የበሩን ሰንሰለት ፈታ። የማኅበሩ ሰዎች ዛሬ ሱሪ ለብሰዋል፣ ብስክሌታቸውን ግን እየገፉ ይከተላሉ።

«ብስክሌት አያልፍም» አላቸው። «እግር ያለው ይለፍ።»

እነሱም ብስክሌቶቹን ከበረቱ ግድግዳ ጋር አስደግፈው ገቡ። ከጫማቸው ሥር ያለው ብረት ድንጋዩ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል።

ወንዙ የሚጠመዘዝበት ቦታ ላይ ኡርባን ቆመ። ጋሪው ቆመ፣ ሰልፉም ቆመ። ፊቱን ወደ ሣጥኑ አዞረና ቁጣው ሳይበርድ፣ የጊደሮቹን ስም ልክ እንደ ሰው ስም እየጠራ፣ «ፍሎሬት። ኖዜት። ማርጎት። ታናሿ ብላንሽ» አለ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ቄሱ ለመጸለይ አፉን ሲከፍት ኡርባን መስቀሉን አንስቶ ጉዞውን ቀጠለ።

ከዚያ ወዲያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣው ዳገት ነው። የሚጎትቱት ሰዎች ጎንበስ ብለው ማቃሰት ጀመሩ። ሉሴት ከጋሪው ኋላ ነበረች። አልፎ አልፎ በብስክሌት አብራው በወጣችባቸው እሑዶች፣ ጋስተን ሁልጊዜ ቀድሟት ይሄድና እዚህ ዳገት ላይ ብስክሌቱን አዙሮ ይወርድላት ነበር። አጠገቧ ይሆንና አንድ እጁን ጀርባዋ ላይ አድርጎ፣ ሳይናገር፣ ፊት ለፊት እያየ እስከ ጫፍ ይገፋታል። የመዳፉ ሙቀት በሹራቧ አልፎ ይሰማት ነበር። ጫፍ ሲደርሱ እጁን ያነሳና ምንም እንዳልተደረገ ጥሏት ይሄዳል።

ጓንቷን አወለቀች። መዳፏን ሣጥኑ ላይ፣ በራስጌው በኩል አሳርፋ መግፋት ጀመረች።

«አትግፊ፣ እኛ እንበቃለን» አለ ኡርባን ከፊት፣ ዞር ሳይል።

እሷ ግን እጇን አላነሳችም፤ ፊት ለፊት እያየች ገፋችው።