አስራ ሁለት ኳስ

የስፖርት መምህሩ አፍንጫው ወደ ግራ የዞረ ሰው ነው። ልጆቹ ከኋላው «ጠማማው» ይሉታል፤ ፊት ለፊት ግን «ቲቸር» ከማለት ሌላ የሚደፍር የለም። አፍንጫውን ያጣመመው የእጅ ኳስ ነው። በአስራ አንድ ዓመቱ አሠልጣኙ ግድግዳ አስደግፎ ያቆመውና እጁን ወደ ኋላ አስደርጎ፣ ከአምስት እርምጃ ላይ ኳስ ፊቱ ላይ ይወረውርበት ነበር። በረኛ የሚሆን ልጅ ኳስ ሲመጣበት ዓይኑን መጨፈን የለበትም። ደንቡም አጭር ነው፤ አስራ ሁለት ኳስ፣ የጨፈነ ከአንድ ይጀምራል። በስድስተኛው አፍንጫው ተሰበረ፣ ጨፈነ፣ ከአንድ ጀመረ። ያን ቀን ደሙን እየዋጠ አስራ ሁለቱን ጨረሰ፤ ከዚያም አስራ አምስት ዓመት በረኛ ሆኖ ኖረ። ይህን ታሪክ ሲያወራ የሰርጉን ቀን የሚያወራ ይመስላል። ሰው የተመታበትን ዱላ መውደድ ከጀመረ ነገር ተበላሽቷል፤ ግን ማን ደፍሮ ይንገረው?

አሁን እሱም በተራው የአራተኛ ክፍል ልጆችን የእጅ ኳስ ያስተምራል። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ የመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ። «የልጆች ኳስ ነው፣ ለስላሳ ነው» ይላል ሲጠየቅ። ለስላሳስ ለስላሳ ነው፤ የሚወረውረው ክንድ ግን የልጅ አይደለም።

ሁለት ዓመት ሙሉ የማይጨፍን በረኛ ሲፈልግ ኖሮ አላገኘም። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላም እንደ ልማዱ ልጆቹን አሰለፈ። የመጀመሪያው ሳቂታ ልጅ ነበር፤ እስከ ሦስተኛው ኳስ ሳቀ፣ በአራተኛው ጥርሱ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይበቅላል» አለ መምህሩ። ሁለተኛዋ ፊቷን ስታዞር ጆሮዋ ላይ አረፈባት፤ እያለቀሰች ወጣች። ሦስተኛው ገና ሳይወረወርበት ሱሪውን አረጠበ። ልጆቹ ሳቁበት፤ መምህሩም ዝም ብሎ አሳቀበት። ይህ አይደበቅለትም።

ከዚያ አንዲት ልጅ ሳትጠራ መጣች። ከወር በፊት ከሌላ ትምህርት ቤት የተዛወረች፣ የሹራቧ እጅጌ ጣቷን የሚሸፍን፣ ከክፍሉ ሁሉ ከሲታዋ ናት። ግድግዳውን ተደገፈች፣ ማንም ሳይነግራት እጇን ወደ ኋላ አደረገች። ሌሎቹ ሁሉ «ያማል ወይ?» ብለው ነበር የጠየቁት።

«ስንት ነው?» አለች እሷ።

«አስራ ሁለት።»

«ከጨፈንኩስ?»

«ከአንድ።»

የምታውቀውን መንገድ እንደ ነገሯት ሁሉ ራሷን ነቀነቀች።

የመጀመሪያው ኳስ ግንባሯን ሲላት ጭንቅላቷ ከግድግዳው ጋር ተጋጨ፤ ዓይኗ አልተከደነም። በአራተኛው ከንፈሯ ተሰነጠቀ። በሰባተኛው አፍንጫዋ ደማ። መምህሩ እየባሰበት ሄደ፤ ከክፋት አይደለም፣ ከደስታ ብዛት ነው፤ ለምትመታ ልጅ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው። አስራ ሁለተኛው ጉንጯ ላይ ጮኸ።

«ጨረስኩ?» አለች።

«ጨረስሽ።»

አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ሰልፏ ውስጥ ገባች። መምህሩ እንባው መጣ። በዚያው ቅጽበት «ብረቷ» ብሎ ስም አወጣላት።

ብረቷ ግብ ላይ ከቆመች ወዲህ ትምህርት ቤቱ ሦስት ጨዋታ አከታትሎ አሸነፈ። በሦስተኛው ጨዋታ የተቃራኒው ቡድን ግዙፍ ልጅ የሰባት ሜትር ቅጣት ውርወራ ሲሰጠው ሆን ብሎ ፊቷን አነጣጠረ። ድምፁ ከሜዳው ዳር ተሰማ። በጀርባዋ ወደቀች፤ ስትነሳ ኳሱን እንዳቀፈች ነበር፣ ደሟ ኳሱ ላይ ይንጠባጠባል። ወርዋሪው ልጅ ራሱ ደንግጦ አለቀሰ። መምህሩ ሮጦ ትከሻው ላይ አወጣት፤ እሷ ግን እንደ ሳንቃ ደርቃ ቀረች። አፍራ ነው ብሎ አለፈው።

ደሟን ያጠበችላት የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ነበረች፣ መምህሩን በተማሪነቱ ጭምር የምታውቀው አሮጊት። ልጅቷን ወደ ክፍሏ ከሸኘች በኋላ ጠራችው።

«አንተ ልጅ፣ ና እስቲ።»

«አቤት እትዬ።»

«ይቺ ልጅ ቁስሏን ስነካው እንኳ አትሸሽም። የማያለቅስ ልጅ ያስፈራኛል። ደግሞ ቅልጥሟ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ሰንበር አለ፣ በላይ በላዩ የተደራረበ።»

«ኳስ ነው እትዬ። በረኛ ናት እኮ።»

«ኳስ ክብ አይደለም እንዴ? ይሄ ቀጥ ያለ ነው።»

«እንግዲያው የግቡ ብረት ነዋ።»

አሮጊቷ ጨርቋን ጨመቀችና ቀና ብላ አየችው። «የማያይ ዓይን ባይጨፈን ምን ይረባል» አለች። ስለ ልጅቷ ይሁን ስለ እሱ አልጠየቃትም። ቅዳሜ የዋንጫ ጨዋታ ነበረበት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ከጨዋታው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ልጆቹ ግድግዳው ጋ ተሰልፈው ሳለ የብረቷ አባት መጣ። ጎሚስታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የመኪና ጎማ ሲፈታ፣ ሲለጥፍና ሲነፋ የሚውል፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ትሁት ሰው። መዳፉ በጥላሸት ጠቁሮ ስለ ነበር ለሰላምታ የእጁን አንጓ ዘረጋ።

«ይቅርታ መምህር፣ እጄ ቆሻሻ ነው። ልጄን ሰው ስላደረጉልኝ ላመሰግንዎ ነው የመጣሁት።»

«ኧረ እኔ ምን አደረግሁ? እኔማ ይሄን ጀግንነት ከየት አመጣችው እያልኩ ስገረም ነው የከረምኩት።»

አባትየው አፈር አለ፣ ግራና ቀኙን አየ፣ የሙያ ምስጢር ለባልደረባው እንደሚያካፍል ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከእኔ ነዋ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነው የማሳድጋት። ልጅ ካልቀጡት መች ሰው ይሆናል? ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የቆረጥኩት ጠፍር አለኝ፤ ጎማ ስለሆነ አጥንት አይሰብርም። ጥፋቷን እነግራታለሁ፣ ግድግዳ አስደግፋታለሁ፣ እጅ ወደ ኋላ፣ አስራ አምስት። ከጨፈነች ከአንድ። ድሮ ድሮ እስኪመሽ እንቆይ ነበር፣ አሁን ጨፍናም አታውቅ። እርስዎም እንደኔው እንደሆኑ ስትነግረኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ሰው የሚያግዘው ሲያገኝ ሸክሙ ይቀልለታል።»

ግም ለግም አብረህ አዝግም። አባትየው የተናገረው ስድብ አይደለም፤ ከልቡ ነው ያመሰገነው። መምህሩ አሮጊቷ የነገረችው ሰንበር ትዝ አለው፤ «ስንት ነው?» ያለችውም ትዝ አለው፤ እየደማች ሲያያት በደስታ ማልቀሱም ትዝ አለው። አፈረ። እፍረቱን መሸከም ሲያቅተው ወደ ቁጣ ለወጠው፤ ቁጣ ይቀላል።

የመጀመሪያው ቡጢ የጎሚስታውን አፍ አገኘው። ሰውዬው ግራ ገብቶት «መምህር?» ሲል ሁለተኛው ደረሰ። ከዚያ ግን ዝም ብሎ የሚመታ ሰው አልነበረም፤ የከባድ መኪና ጎማ በሚያነሳ ክንዱ መምህሩን አንገቱን አንቆ ጎትቶ በግንባሩ ፊቱን ከሰከሰው። ያ አሮጌ አፍንጫ እንደገና ተሰበረ። ተያይዘው ሲሚንቶው ላይ ወደቁ፣ ተንከባለሉ፣ ተናከሱ። በመጨረሻ መምህሩ የጎሚስታው ደረት ላይ ወጣ፣ ሁለቱን ክንዶቹን በጉልበቱ ረገጠ፣ ፊቱን ይወቅጠው ጀመር። የገዛ አፍንጫው ደም አፉ ውስጥ ቢገባም አልተወውም።

«ሦስት» የሚል ድምፅ ሰማ። «አራት። አምስት።» የሚቆጥረው እሱ ራሱ ነው። በስድስተኛው ከሥሩ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፈነ።

«ጨፈንክ» አለ መምህሩ። «አንድ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ። የተናገረውን ሰማ። ቀና ሲል ልጆቹ ሁሉ በሰልፋቸው ቆመዋል፣ ሁሉም እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገዋል። አንድም ልጅ አልሸሸም። እንዳይሸሹ ያስተማራቸው እሱ ነው።

ተነሳ። አባትየው ተገልብጦ ደም ይተፋል። መምህሩ እየተንገዳገደ ወደ ብረቷ ሄደ፤ ሊያቅፋት ይሁን ይቅርታ ሊላት ራሱም አላወቀም። በደም የተነከረ እጁ ወደ እሷ ሲዘረጋ ልጅቷ ሰልፏን ትታ ግድግዳውን ተደገፈች። አገጯን ቀና አደረገች፣ ዓይኗን ከፈተች።

«ስንት ነው ቲቸር?»

እዚያው ተንበረከከ። «ምንም» አለ። «ምንም የለም የኔ ልጅ። አንድም የለም።»

ልጅቷ ሰማችው፣ ግን ከግድግዳው አልተነቀለችም። እንዲህ ያለ ቁጥር ተነግሯት አያውቅም። ዓይኗን እጁ ላይ ተክላ ጠበቀች።

ጩኸት ሰምታ የመጣችው አሮጊት ከዘበኛው ጋር ስትደርስ መምህሩን አልፋው ሄደች። «ይቺ ልጅ ዛሬ የምታድረው እኔ ጋ ነው» አለች ለዘበኛው። «ፖሊስ ጥራ፣ ለሁለቱም።» ከዚያ ከልጅቷ ጎን ቆማ በእርጥብ መዳፏ ዓይኗን ሸፈነችላት።

«ጨፍኚ ልጄ። በቃ፣ ጨፍኚ።»

መምህሩ ተንበርክኮ ይጠብቃል። ብዙ ቆዩ። የልጅቷ ሽፋሽፍት መዳፏን ሲነካት አሮጊቷ እጇን ሳታነሳ ወደ መምህሩ ዞረች።

«አልጨፈነችም» አለችው።