ግፊት የሚለካው ሰዓት

ዛሬ ወንድሜን ፈንታውን ሳላንቀው የቀረሁት አባታችን መሃላችን ስለተቀመጡ ብቻ ነው።

አባባ ግፊት አለባቸው። ሐኪሙ ክኒኑን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ ነግሯቸዋል። ለጤናቸው ብዬ ነው እኔ መጀመሪያ የእጅ ሰዓት የገዛሁላቸው፤ የልብ ምትና እርምጃ ይቆጥራል፣ በቃ። ፈንታው ግን የመርሳ–ወልድያ ሚኒባስ ሹፌር አይደል፣ አንድ ቀን ከወልድያ ሌላ ሰዓት ይዞ ከች አለ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያወዳድር ጀመር።

«ያንቺ ግፊት ይለካል? አይለካም። ስኳርስ? የእኔው ያለ መርፌ ይለካል።»

ቤተሰቡ ሳቀብኝ። አባባም የእኔን ፈተው የእሱን አሰሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ጠርጥሬም ዝም አልኩ። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ዛሬ ጠዋት አባባ ሲነሱ ዞረባቸውና ግድግዳ ተደገፉ። ሮጬ የክኒኑን ፓኬት ባየው እንዳለ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተነካም።

«ለምን ተዉት አባባ?»

«ምን ያደርግልኛል ልጄ፣ ሰዓቱ በየቀኑ ደህና ነህ ይለኛል።»

ደሜ ፈላ። ሰዓቱን ከእጃቸው ፈታሁት። ቁርሱን ይበላ የነበረው ፈንታው ብድግ አለ።

«ተይው አሰለፈች። ያንቺ ስላልተመረጠ ነው፣ ቅናት ነው ይሄ።»

ቅናት ይለኛል፣ አባቱ ግድግዳ ይዘው ቆመው! ጠረጴዛው ላይ ትናንት ከገበያ ያመጣሁት ማንጎ ነበር። ሰዓቱን ማንጎው ላይ ጠፍሬ አሰርኩና ለካሁ። የሰዓቱ መብራት ብልጭ ድርግም አለ። የማንጎው ግፊት መቶ አስራ ስምንት በሰባ ስድስት ሆኖ ወጣ።

«ይኸው፣ ማንጎህ ጤነኛ ነው» አልኩት። «ስኳሩንም ልለካልህ?»

ፈንታው ፊቱ አመድ መሰለ። «ሻጩ ነው ያታለለኝ» አለ።

«አንተን ሻጩ፣ አባባን አንተ።»

አባባ ክርክራችንን አልሰሙም። መሃላችን ቁጭ ብለው ማንጎውን አንስተው ቁጥሩን ትክ ብለው ያዩት ነበር። ከዚያ ቀና አሉና ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩን።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን የእኔ ስንት ኖሯል?» አሉ።