የተደፉ ቀለሆች

ከፈለ ሃያ ሦስተኛውን የጥይት ቀለህ ባሩድ ጨምሮበት ቀና አድርጎ ሲያቆም የበሩ ደወል ጮኸ።

«አልሰማሁም» አለ ለራሱ፣ ሃያ አራተኛውን እያነሳ።

«ከፈለ! እነሸዋዓለም ናቸው!» ሚስቱ ተናኘወርቅ ከላይ ተጣራች። «ናዝራዊትን ሊሰናበቱ ከሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ መጥተው! ና ውጣ እንጂ!»

«አንዴ ኮል ቢያደርጉ ምን ነበረበት?»

«ምን አልክ?»

«መጣሁ አልኩ!»

ያነሳውን ቀለህ መልሶ ደፋው። ጠረጴዛው ላይ ሃምሳ ቀዳዳ ያለው የእንጨት ገበታ አለ። ባሩድ የገባበት ቀለህ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ይቆማል፣ ገና ያልገባበት በአፉ ይደፋል። ሥርዓቱ ይኸው ነው። የመማሪያው መጽሐፍ ደግሞ አንድ ገጽ ላይ በቀይ ጽፏል፤ ገበታውን ሳትጨርስ አትነሳ፣ ከተነሳህ ሁሉንም ዘርግፈህ እንደገና ጀምር ይላል። መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ የልጁ የክርስትና እናት በሩ ላይ ቆማ ደውላበት አታውቅም።

ይህ ጠረጴዛ ሦስት ወር ሙሉ አንጀቱን አሳርሮታል። በዚያ ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2013፣ የሽጉጥ ጥይት ከሱቅ ድራሹ ጠፋ። ከፈለ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ማናሳስ ያለውን ሱቅ ሁሉ አዳረሰ። ማለዳ ተሰልፎ ባዶ እጁን ተመለሰ። በመጨረሻ በሚሠራበት የኤርፖርት ፓርኪንግ ያለ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ «ለምን ራስህ አትሠራም?» አለውና አሮጌ የጥይት መሥሪያ ፕሬሱን ሸጠለት። ያገለገለ ቀለህ ትሰበስባለህ፣ ታጸዳለህ፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ቀስቃሽ ከቂጡ ትከታለህ፣ ባሩድ ትጨምራለህ፣ አረሩን ከላይ በፕሬሱ ትገጥማለህ። በአፍ ቀላል ነው። መጀመሪያ ጠረጴዛው እየተወዛወዘ አስቸገረ፤ ከግድግዳው ጋር በብሎን አሰረው። ከዚያ ያዘዘው መግጠሚያ ለሌላ ሽጉጥ የሚሆን ሆኖ መጣ። ያንን ሲያስቀይር ቀስቃሹ በተራው ከገበያ ጠፋ። ሁሉም ተሟላ ሲል ደግሞ ባሩዱን የሚሰፍርበት ሚዛን አስቸገረ። ቤዝመንቱ ውስጥ ከልብስ ማድረቂያው አጠገብ ነውና፣ ተናኘወርቅ ማድረቂያውን ባስነሳች ቁጥር የሚዛኑ ጭራ ይንቀጠቀጣል።

«ልብሱን ሌላ ቀን ብታጥቢው ምን አለበት?»

«ባሩዱን ሌላ ቤት ብትሰፍረው ምን አለበት?» ትለዋለች። «በገዛ ቤቴ ባሩድ! ኢንሹራንሱ ቢሰማ ምን ልንል ነው?»

ለጥይቱ ብሎ አልነበረም እንዲህ የሚቃጠለው። ከሁለት ዓመት በፊት ልጁ ናዝራዊት ለአባቶች ቀን ብላ የተኩስ መለማመጃ ኩፖን ገዛችለት። ሳቀ፤ ሄደ፤ ወደደው። ከዚያ ወዲህ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ አብረው ይሄዱ ነበር። ቤት ውስጥ እሱ በአማርኛ ይጀምራል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትጨርሳለች፣ መሃል ላይ ሁለቱም ይሰለቻሉ። እዚያ ግን ሁለቱም ጆሯቸውን ሸፍነው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ማን በምን ቋንቋ ይናገር የሚል ጣጣ የለም። ስትመታ ታየዋለች፤ ሲስት ትስቅበታለች። ጥይት ሲጠፋ ይኸም ቀረ። አሁን ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሲያትል ሥራ አግኝታ ሰኞ ትበራለች። «ጥይት ካገኘህ ላስት ታይም እንሄዳለን፣ ዳዲ» ብላዋለች። ዛሬ ቅዳሜ፣ በአሜሪካ ሰዓት ከምሽቱ ስድስት ላይ ቦታ ይዘዋል።

ላይ ሲወጣ ሸዋዓለም እጇን ዘርግታ ጠበቀችው። ባሏ ገብረየስ ከኋላዋ አንድ ሣጥን ማንጎ ታቅፎ ቆሟል።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የጠቆርከው?» አለችው ጉንጩን እያገላበጠች ስማ።

«ታች ትንሽ ሥራ ይዤ ነው።»

«ቅዳሜ ቀን ምን ሥራ አለ? ተቀመጥ እስቲ!»

ተቀመጠ። ገብረየስ የቤልትዌዩን መንገድ መዘጋት ከድልድዩ ጀምሮ እያንዳንዷን ማይል ነገረው። ምሳ ቀረበ። «በሞቴ» ተባለ፣ ተጎረሰ። ሸዋዓለም ናዝራዊትን አቅፋ መረቀች፣ አለቀሰች፣ ዓይኗን ጠርጋ እንደገና መረቀች። ከፈለ ሰዓቱን ባየ ቁጥር ተናኘወርቅ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ትረግጠዋለች። ሊሄዱ ሲነሱ በሩ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆሙ። እስከ መኪናቸው ሸኛቸው። ገብረየስ ሞተሩን አስነስቶ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሮክቪል ስለሚሸጥ አንድ ቤት አዲስ ወሬ ጀመረ። እዚያም ግማሽ ሰዓት አለፈ። የከፈለ ጨጓራ ተላጠ፤ ፊቱ ግን ፈገግ እንዳለ ነው።

ወደ ቤዝመንቱ ሲመለስ በአሜሪካ ሰዓት ሦስት ተኩል ሆኗል። ገበታውን አየ። ሃምሳውም ቀለህ አፉን ወደ ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ጨርሼ ነበር እንዴ?»

ቆም ብሎ አሰበ። ሃያ ሦስት ድረስ መቁጠሩን ያስታውሳል። ግን ጭንቅላቱ በገብረየስ ወሬ ተሞልቷል፤ ቀለሆቹ ደግሞ ይኸው ቆመዋል። መጽሐፉ እያንዳንዱን ቀለህ በባትሪ አብርተህ እየው ይላል። ባትሪው ያለው ፎቅ፣ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ ነው። ላይ ከወጣ ደግሞ ሌላ ነገር ይይዘዋል። ተወው። ብርሃኑ ደብዛዛ ነው፣ ባሩዱ ጥቁር ነው፤ ሃምሳውንም እየቸኮለ አረር ገጥሞ አንድ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ዘረገፋቸው። ከዚያ ቆሞ ተመለከታቸው። በገዛ እጁ የሠራቸው ሃምሳ ጥይቶች! በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለው።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሣጥኑን ይዞ ኩሽና ገባ። ናዝራዊት የጆሮ መሸፈኛዋን አንገቷ ላይ አድርጋ ቁልፍ ታሽከረክራለች። አማቱ አቶ ወልደአምላክ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። ቡሬ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት የንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ልጃቸው ግሪን ካርድ አውጥታላቸው ከመጡ ሁለት ዓመት ሆናቸው። የተንጋደደ ነገር አይወዱም። በሩ ላይ የወለቀውን ጫማ ጥንድ ጥንዱን ያሰልፋሉ፣ ማንኪያውን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞራሉ።

«ይመልከቱልኝ እስቲ፣ አባባ» አለ ከፈለ አንዷን ጥይት እየሰጣቸው።

ሽማግሌው ጥይቷን በጣታቸው መሃል አሽከረከሯት። «እጅህ ይባረክ! የፋብሪካ እኮ ነው የሚመስለው።»

«አይ እርስዎ ደግሞ!»

«የምሬን ነው። እኔም እኮ ትንሽ አግዤሃለሁ» አሉ። «አንተ ከእንግዶቹ ጋር ስትሆን ልተኛ ብዬ ታች ወዳለው ክፍሌ ወርጄ ነበር። ግማሾቹ በአፋቸው ተደፍተው አየሁና አንድ በአንድ አቃናሁልህ። ዕቃ ተደፍቶ ሲታይ ደስ አይልም።»

ከፈለ ሣጥኑን አየ።

ጉድ ፈላ! ሃያ ሰባቱ ባሩድ የላቸውም። የትኞቹ እንደሆኑ አይታወቅም፤ ሁሉም አንድ ሣጥን ውስጥ ተቀላቅለዋል፣ ሁሉም ያብረቀርቃሉ። እርር ድብን አለ። መጮህ አማረው። ግን በማን ላይ ይጮሃል? አንቱ እያሉ መጮህ አይመችም። ደግሞስ ባትሪውን ለማምጣት አሥር ደረጃ መውጣት የሰነፈው ማን ሆነና!

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» አለና ሣጥኑን ይዞ ወደ ታች ወረደ።

መጀመሪያ ጥይቶቹን መመዘን ጀመረ። ባዶ ቀለሆቹ ራሳቸው ክብደታቸው ከባሩዱ ክብደት በላይ ይለያያል፤ ሚዛኑ የሚነግረው ነገር የለም። ታመምኩ ልበላት? ማሽኑ ተበላሸ ልበላት? ወይስ የመጀመሪያዎቹን ራሴ ልተኩስ? ናዝራዊት ደረጃው ላይ ቆማ ታየው ነበር።

«ዳዲ? የተኩስ ሌኑን እኮ ለስድስት ነው ቡክ ያደረግነው።»

«አንሄድም።»

«ዋት? ለምን?»

«ግማሾቹ ባሩድ የላቸውም። የትኞቹ እንደሆኑ አላውቅም።»

«ሶ? ባሩድ ከሌለው አይተኩስም። ዛት ኢዝ ኢት።»

«አይደለም። ቀስቃሿ ብቻዋን አረሩን ገፍታ በርሜሉ መሃል ትቀረቅረዋለች። አንቺ ከሸፈ ብለሽ ሌላ ትተኩሻለሽ። ያኔ ሽጉጡ እጅሽ ላይ ይፈነዳል።»

ናዝራዊት ሣጥኑን አየች፤ ከዚያ አባቷን። «ቼክ አላደረግክም?»

«አላደረግኩም።»

«ለምን?»

«እንግዳ መጣ።»

«ኦልዌይስ እንግዳ ይመጣል!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «ግራጁዌሽኔ ቀን አንድም ፎቶ ላይ የለህም፣ ዩ ኖው ዛት? ሁሉም ፎቶ ላይ ማሚ አለች፣ አባባ አሉ። አንተ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ሰው እየሸኘህ ነበር።»

እውነቷን ነው። ከፊላደልፊያ የመጣ ዘመድ መኪናው የት እንደቆመ ጠፍቶት ነበር፤ አብሮት ዞረ። የዘመዱን ስም እንኳ አሁን ማስታወስ አልቻለም። አፈረ። ከንዴቱ ይልቅ ይኸኛው ባሰበት።

«ይቅርታ» አለ። «ለእሱም፣ ለዛሬውም።»

ከፈለ ከጥይት ላይ አረር የሚነቅለውን የፕላስቲክ መዶሻ አወጣ። አንዷን ጥይት የመዶሻው ጭንቅላት ውስጥ አስገብቶ ወፍራም የእንጨት ጉማጅ ላይ መታ። ሦስት ጊዜ መትቶ ከፈተው። አረሩ ብቻ ወጣ፤ ባሩድ የለም።

«አንድ» አለና ቀለሁን ገበታው ላይ ደፋው።

ሁለተኛዋ ስትነቀል ጥቁሩ ባሩድ ከአረሩ ጋር ወረደ። ናዝራዊት ስልኳን አውጥታ የሆነ ነገር ነካካች። «ካንስል አደረግኩት» አለችና ማድረቂያው አጠገብ ያለውን በርጩማ ስባ ተቀመጠች። የዓይን መከላከያ መነጽሯን አደረገች፤ መዶሻው ሲጮህባት የጆሮ መሸፈኛዋንም ጫነች። ከአምስተኛው በኋላ እጇን ዘረጋች፤ መዶሻውን ሰጣት። እሷ ትመታለች፣ እሱ አረሩን ከባሩዱ ይለያል፣ ቀለሁን ይደፋል።

«ሃያ ሰባቱን ባዶ ካገኘን የቀረው ኦኬ ነው፣ ራይት?» አለች። «ማቆም እንችላለን።»

«ሃምሳውንም ነው። ሃያ ሦስት ብዬ የቆጠርኩት እኔ ነኝ። እኔን ዛሬ አታምኚኝ።»

ሳቀች። ስትስት ሳቀባት፤ አንዱ አረር ተስፈንጥሮ ማድረቂያው ሥር ሲገባ ሁለቱም ተንበርክከው ፈለጉት።

ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርሱ ደወሉ ጮኸ።

«ከፈለ!» ተናኘወርቅ ተጣራች። «እነማቲያስ ናቸው! ከስካይላይን! ልጆቹንም ይዘው መጥተዋል!»

ናዝራዊት መሸፈኛዋን ከአንድ ጆሮዋ ገለጥ አደረገች። ደረጃው ላይ ዝግ ያለ እርምጃ ተሰማ። አቶ ወልደአምላክ ግድግዳውን ይዘው ወረዱ።

«ልጄ፣ እንግዳ መጥቷል እኮ።»

ከፈለ አማቱ ሲገቡ ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም። ታሞ እንኳ ከአልጋው ቀና ይላል። ጉልበቱ በገዛ ፈቃዱ ተንቀሳቀሰ፤ እጁም ጠረጴዛውን ሊደገፍ ሄደ። ናዝራዊት አየችው። መዶሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መነጽሯን ማውለቅ ጀመረች።

«ተቀመጪ» አላት።

«ማሚ እየጠራች ነው እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ተቀመጪ፣ አልጨረስንም።» ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ላብ አጠመቀው። «አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አልነሳልዎትም። ስንጨርስ እንመጣለን፤ ይንገሩልኝ።»

አቶ ወልደአምላክ ቆመው ቀሩ። ዓይናቸው ከአማቻቸው ወደ ልጅቱ፣ ከልጅቱ ወደ ገበታው ሄደ። የተነቀሉት ቀለሆች ሁሉም በአፋቸው ተደፍተዋል። እጃቸው ሳያስቡት ወደ አንዱ ተዘረጋ፤ መሃል ላይ ቆመ።

«እነዚህ እንደተደፉ ይቆዩ?»

«ይቆዩ፣ አባባ።»

ሽማግሌው እጃቸውን ሰብስበው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። ደረጃውን እየወጡ «ሥራ ላይ ናቸው!» ሲሉ ተሰሙ።

ከላይ የልጆች ሩጫና «የት ነው ያለው?» የሚል የማቲያስ ድምፅ ይመጣል። ከፈለ ጆሮው ጋለ። ከሣጥኑ አንድ ጥይት አነሳ፣ መዶሻው ውስጥ አስገባና ለልጁ አቀበላት።

«ሠላሳ ሁለት» አለ።