ቡሌ ሲደርስ የሚረጋ ምሳ

በፍቃዱ የሚስቱን ምሳ ዕቃ ማታ ማታ ሲከፍት ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። አንድ ቀን እንኳ ፍርፋሪ ተርፎ አያውቅም። እሱም ክዳኑን እንደያዘ ወጥ ቤት መሀል ቆሞ ፈገግ ይላል፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ተደብቆ የኖረ ሙያው በመጨረሻ የወጣ መስሎት።

ነገሩ የጀመረው በሚስቱ በናፍቆት ጨጓራ ነው። ናፍቆት ቡሌ ታስተምራለች። ጠዋት ከዲላ ወጥታ፣ በዚያ ኮሮኮንች መንገድ ተንገጫግጫ፣ ማታ ትመለሳለች። ምሳዋን ሻይ ቤት ትበላ ነበር። ዋጋው ሲንርባት ግን መዝለል ጀመረች፤ ለባሏም ትንፍሽ አላለች። ሆዷን ይዛ የታጠፈች ዕለት ሐኪሙ «ከመድኃኒቱ በላይ ምሳ መዝለልሽን ተዪ» አላት። በፍቃዱ ደነገጠ። እሷ ባዶ ሆዷን ስታስተምር እሱ ዲላ ላይ ትኩስ ሽሮ ሲበላ መክረሙ አሳፈረው። «ምሳሽ ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ጉዳይ ነው» አላት።

የዞን መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ስለሆነ ነገሩን በዕቅድ ያዘው። ከሥራ ሲመለስ የነገውን ምሳ ያበስላል። ጎመኑ ከጓሮ፣ ድንቹ ከገበያ፣ ዘይቱ ደግሞ ርካሹ፣ የሚረጋው። ዲላ ላይ ምን ይረጋል፤ በዚህ ሙቀት እንኳን ዘይት ሰውም ይቀልጣል። ድንቹንና ጎመኑን በዘይት አርሶ፣ ከድስቱ በትኩሱ በማንኪያ ይቀምስና ራሱን ያደንቃል። ከዚያ ቢጫው ዕቃ ውስጥ ሞልቶ ይከድነዋል፤ ጠዋት ናፍቆት ይዛው ትወጣለች።

ናፍቆት በወሩ ተሻላት። ቢሮ ውስጥ «ዕቅዱ መቶ በመቶ ተፈጸመ» የሚል ሪፖርት ሲደርሰው ከት ብሎ የሚስቀው በፍቃዱ፣ የራሱን ባዶ ምሳ ዕቃ ግን ያለ ጥርጥር አመነ። ወንድ ልጅ ማብሰል አለበት እያለ ያልጠየቀውን ሁሉ ይመክር ጀመር።

ታኅሣሥ ላይ ለመስክ ሥራ ቡሌ ተላከ። የደጋውን ብርድ ስለሚያውቀው ጃኬቱን ደርቦ ሄደ። ወጡም በየቀኑ ወደዚሁ ብርድ እንደሚሄድ ግን አስቦት አያውቅም። ሥራው ቶሎ ሲያልቅለት፣ ሳልነግራት ልምጣባት ብሎ በምሳ ሰዓት ትምህርት ቤቷ ደረሰ።

ናፍቆት ገና ከክፍል አልወጣችም ነበር። መምህራን ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ምሳ ዕቃቸውን ይከፍታሉ፤ የእሱም ቢጫ ዕቃ መሀላቸው ተቀምጧል። ከዞን ነው የመጣሁት ሲላቸው «ይቀመጡ፣ እንብላ» አሉት። የማን ባል እንደሆነ ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ በዕድሜ ትልቋ መምህርት ብዙነሽ ቢጫውን ዕቃ ገፋ አድርጋ «ዛሬ ተራው የማነው?» አለች።

ሲፈን የምትባለው ወጣት መምህርት ጣሪያ ጣሪያውን ታይ ጀመር።

«የምን ተራ ነው?» አለ በፍቃዱ።

«የጓደኛችን ባል ነው የሚሠራው» አለች ብዙነሽ ክዳኑን እየከፈተች። «ደግ ሰው ነው አሉ፤ እግዚአብሔር ይባርከው። ግን ይዩት እስቲ።»

አየው። ዘይቱ ጎመኑ ላይ ነጭ ሆኖ ረግቷል፤ ድንቹ ሻማ የተንጠባጠበበት ይመስላል።

«ቅር ይለዋል ብላ ሳይበላ አትመልሰውም። እህል መድፋት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ እሷ የእኛን ትበላለች፣ የእሷን እኛ በተራ እንበላለን። ሲፈን ትናንት በልቻለሁ ትላለች፤ እኔ አላየሁም።»

በፍቃዱ ጆሮው ድረስ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ፤ ወለሉ ግን ሲሚንቶ ነበር።

«ዛሬ ተራው የእኔ ነው» አለና ዕቃውን ሳበው።

«ኧረ ለእንግዳ አይሆንም» አለች ብዙነሽ።

«ተዪያቸው እንጂ፣ ወደው ነው» አለች ሲፈን ፈጠን ብላ።

የመጀመሪያው ጉርሻ ላንቃው ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛው ጥርሱን ያዘው። አገሩን ሁሉ ሲመክርበት የከረመው ሙያ ይኸው ነው። በምላሱ ሊያላቅቀው ሲታገል ናፍቆት ገባች።

«በፍቄ?» አለች በሩ ላይ ቆማ። «ባሌ እኮ ነው!»

ብዙነሽ ዕቃውን ልትከድነው እጇን ዘረጋች፤ የበፍቃዱ እጅ ግን ውስጡ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

ናፍቆት አጠገቡ ተቀመጠች። «ማታ ዕቃውን ስትከፍት ፊትህ ምን እንደሚመስል አታውቅም» አለች ዝግ ብላ። «እኔ አየዋለሁ። ስንት ዓመት ከቢሮ ስትመለስ እንደዚያ ደስ ብሎህ አይቼ አላውቅም። ይህን ልውሰድብህ? ሆዴ እንደሆነ ድኗል፤ ብዙነሽ ቆጮና አይብ ታበላኛለች።»

በፍቃዱ አፈረ፣ ልቡም ተነካ፣ ሊስቅም ፈለገ፤ አፉ ግን አልላቀቅ አለው። አራት የማያውቁት ሰዎች እሱ ፊቱ እንዳይጠቁር ሲሉ ሦስት ወር ሙሉ ይህን ውጠዋል። እንደ ምንም ዋጠና «ጨውስ?» አለ።

ሰዎቹ ተያዩ።

«ጨውስ ደህና ነው» አለች ብዙነሽ በመጨረሻ፤ ሲፈን ሳቋን መያዝ አቃታት።

ከዚያ ሁሉም መብላት ጀመረ። በፍቃዱ ከጎመኑ ጋር እየታገለ ሚስቱን በዓይኑ ይከተላል። ናፍቆት የብዙነሽን ቆጮ ትቆርሳለች፣ አይቡን ታክልበታለች፣ ጉንጯ ሞልቶ ሳትቸኩል ታኝካለች። ምሳ ስትበላ ካያት ስንት ጊዜው ነው። ያንን ጨርሳ ሌላ ቆረሰች። ከመጀመሪያውም የፈለገው ይህንኑ ነበር፤ የሰው ቆጮ መሆኑ ብቻ ትንሽ ቆረቆረው።