ትዕግሥተኛ ነኝ ብዬ ጻፍኩ

ሌላ ከተማ ያመለከትኩበት ኮሌጅ ራስሽን በሦስት ቃል ግለጪ ሲለኝ ጉድ ፈላ። ስለ ራስ ማውራት እኛ ቤት ነውር ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሰፋችውን ቀሚስ እንኳ ደንበኛዋ ለብሳው ሳትወጣ አምሯል አትልም። እኔንማ ሰው ካመሰገነኝ "ኧረ ተይኝ እቴ፣ ዝርክርክ ናት" ትላለች። ታዲያ ቃሉን ከየት ላምጣ? ስጽፍ ስሰርዝ ዋልኩና "ታታሪ፣ ታማኝ፣ ትዕግሥተኛ" ብዬ ላክሁት። ትዕግሥተኛ! እኔ፣ ታክሲ ትንሽ ሲዘገይ እየተራገምኩ በእግሬ የምሄደው።

ይባስ ብለው፣ እውነት መሆኑን ለማጣራት አብሮኝ ለሚኖር ሰው እንደሚደውሉ ነገሩኝ። ያለችኝ እናቴ ብቻ ናት። የሚሉሽን ሁሉ አዎ በይ ብዬ ለመንኳት። እሺ አለች፤ እሺታዋን ግን አላመንኩትም። ሌላ ያመለከትኩበት ቦታ የለም፤ ይሄ ካመለጠኝ አለቀልኝ።

ስልኩ የተደወለው ሱሪ እያሳጠረች ሳለ ነው። እጇ ስለተያዘ ድምፁን ከፍ አድርጌ አጠገቧ አስቀመጥኩላት። ከኮሌጁ የደወለችው ሴትዮ ሰላምታ ሰጥታ ታታሪ መሆኔን ጠየቀች። እናቴን ልማዷ አሸነፋትና "ምን ታታሪነት አላት ብለሽ ነው፣ የኔ እናት" አለቻት። ትዕግሥተኛስ ስትባል ጭራሽ ሳቀች። ክው ብዬ ቀረሁ። በእጄ ብለምናት፣ በዓይኔ ብቆጣት ፊቷን አዞረችብኝ።

ሴትዮዋ፣ እርስዎስ ምን ይሏታል አለቻት። እናቴ ማሽኑን አቆመችና ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ፣ ውጪ።"

ወጥቼ በሩ ላይ ተለጠፍኩ። ገደል ከተተችኝ እያልኩ ነው።

"ያስወጣኋት፣ እሷ ፊት ምስጋና አይወጣልኝም ብዬ ነው" አለቻት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ዓይኔ ደክሟል። ክር የምታስገባልኝ፣ ጨርቁን ለክታ የምትቆርጥልኝ እሷ ናት። እየተነጫነጨች ነው የምትሠራው፤ ግን አንድም ቀን ጥላኝ ተነስታ አታውቅም። ከሄደች መስፋቴን እንጃ። ቢሆንም ውሰዱልኝ።"

ክር አስገቢልኝ ስትለኝ ልታሠራኝ ብላ ይመስለኝ ነበር እንጂ፣ ዓይኗ እምቢ ብሏት መሆኑን አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ አመሰገነቻትና መልሱን በቅርቡ እናሳውቃለን ብላ ዘጋች። እስከዚያች ደቂቃ የፈራሁት እምቢ እንዳይሉኝ ነበር። አሁን እሺ ቢሉኝስ?