እርጥብ ቆዳ

«እሱ ላይ አይቀመጡ!»

ፋዮ እንዲህ ብላ የጮኸችው በገዛ አባቷ ለቅሶ፣ ከሰላሌ ድረስ በመጡ አክስቷ ላይ ነው። ሴትዮዋ ወገባቸውን ሊያሳርፉ ከመሥሪያው ጠረጴዛ ሥር የተወሸቀውን የቁርጥራጭ ቆዳ ጆንያ ጎተት አድርገው ገና ዝቅ ሲሉ ነበር። ንፍሮ የሚቆረጥሙት እንኳ አፋቸውን ገቱ።

«ምነው ልጄ? ምን አለበት?»

«ወስፌ... ወስፌ አለበት አክስቴ። እንዳይወጋዎት ብዬ ነው።»

«ክፉ አይንካሽ» ብለው መርቀዋት ወደ አግዳሚው ወንበር ሄዱ። ወስፌ! ወስፌማ ቢሆን ምን ነበረበት። ጆንያው ውስጥ ያለው ሽጉጥ ነው። ለዚያውም ጥይት ይጉረስ አይጉረስ ፋዮ የማታውቀው ሽጉጥ፣ በእርጥብ ቆዳ ተጠቅልሎ፣ በክር ጥፍር ተደርጎ።

አባቷ ጋሽ ፉፋ፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ቆዳ ሲሰፉ ያረጁ ሰው ነበሩ። ቀበቶ በሉት፣ የመሣሪያ ቦርሳ በሉት፣ የተቀደደ ጃኬት በሉት፣ ልደታ ውስጥ እሳቸው እጅ ያልገባ ቆዳ የለም። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ኮፍያቸውን ደፍተው ወጡ፤ ወደ ሜክሲኮ የሚወስደውን አስፋልት ሲሻገሩ ሚኒባስ ገጫቸው። የገጫቸው ሰው ከሩቅ የመጣ ቢሆን ደግ ነበር። ማኑ ነው። የጎረቤት ልጅ፣ ከፋዮ ወንድም ከገመቺስ ጋር ከአንድ ሳህን በልቶ ያደገ ማኑ።

ገመቺስ አላለቀሰም። ልደታ ማርያም አፈር ሲመለስ አላለቀሰም፤ ድንኳን ገብቶም አላለቀሰም። ጋቢውን ተከናንቦ አንድ ጥግ ተቀምጧል፤ ሰው «እግዜር ያጥናችሁ» ሲለው አንገቱን ብቻ ይነቀንቃል። ከዘመዶቹ አንዱ ደግሞ፣ አፉ አያርፍም፣ በጆሮው «የፉፋ ልጅ ዝም ብሎ ሊቀር ነው እንግዲህ» ሲለው ፋዮ ሰምታለች። ገመቺስ የመለሰለትንም ሰምታለች። «አንዴ ብቻ ላግኘው» ነበር ያለው።

እንግዲህ የፋዮ ፍርሃት ብዙ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ነው። ገመቺስና ጆንያው እንዳይገናኙ።

ለእናቷ ለእትዬ ኮከቤ እንዳትነግር፣ ልባቸው ገና ከሬሳው ጋር ነው። ለእድሩ ዳኛ ለጋሽ ደጉ ብትነግር እሳቸው ለሚስታቸው፣ ሚስታቸው ለድንኳኑ። ለፖሊስ ብትናገር የአባቷ ስም ከሽጉጥ ጋር ሊነሳ ነው። የሽጉጡ ባለቤት ስልኩ አይነሳም፤ በደወለች ቁጥር ያቺ የማትታክት ሴት «የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ጥሪ መቀበል አይችሉም» ትላታለች። ስልኩን ትዘጋለች።

ባለቤቱ ኤልያቄም ይባላል። የአንድ ባለሀብት ሹፌርም ጠባቂም ነው። በመጣ ጊዜ «ጋሼ፣ የሽጉጥ ማህደር ይሥሩልኝ» ሲላቸው ጋሽ ፉፋ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«እኔ የመሣሪያ ነገር አልሠራም። ሌላ ሰው ፈልግ።»

«እንግዲያስ በዚሁ እኖራለሁ» ብሎ ኮቱን ገለጥ ቢያደርገው ሽጉጡ ሱሪው ላይ እንደ ጉድ ሽጥ ብሏል።

ጋሽ ፉፋ ወስፌያቸውን አስቀመጡ። «ልጅ አለህ?»

«አለችኝ፤ ትንሽዬ።»

«ማታ ስትገባ ሮጣ መጥታ የምታቅፍህ የት ጋ ነው?»

ሰውዬው እጁን ሽጉጡ ባለበት ወገቡ ላይ አሳረፈ። ጋሽ ፉፋ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ፋዮ፣ ያን ወፍራሙን ቆዳ አውርጂ። አንቺ ነሽ የምትሠሪው፤ እኔ አሳይሻለሁ።»

እስከዚያ ቀን ፋዮ ከቀበቶና ከቁልፍ መያዣ ሌላ በራሷ እጅ የጨረሰችው ነገር አልነበረም። ደስታዋ ሌላ ነበር፤ ፍርሃቷም እንደዚያው። ሥራው ደግሞ ቀላል አይደለም። ሹፌር ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚውለው፤ ቀኝ ጎኑ ላይ ቢያንጠለጥለው የወንበሩ ቀበቶ ይይዘዋል። ስለዚህ ማህደሩ በግራ ጎን ይታሰራል፣ እጀታው ወደ ፊት ይጋደማል፣ ቀኝ እጅ ሆድን አቋርጦ ይደርስበታል። ፋዮ ማጋደሙንስ አጋደመችው፤ ግን ወደ ኋላ! የቀበቶ ማስገቢያውን ቀዳዳ በተቃራኒው አዘንብላ ቀደደችው።

ጋሽ ፉፋ ማህደሩን ታጠቁት፤ መዶሻ ሰኩበት፤ በርጩማው ላይ እንደ ሹፌር ተቀምጠው መሪ ያዙ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ሰደዱ። የመዶሻው እጀታ ብብታቸው ውስጥ ገብቶ እጃቸው አየር ጨበጠ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሰውዬ ጠላቱ ሳይሆን ክርኑ ነው የሚገድለው!» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እሷም እያፈረች ሳቀች። ሳቃቸው ሲያልቅ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ቀስ አድርገው ከቀኝ ወደ ግራ ወሰዱት፤ እንደገናም ወሰዱት።

«ግን አሠራሩን ወድጄዋለሁ» አሉ። «እጅ ሆድን አቋርጦ እስኪደርስ ሰው ትንሽ ያስባል።»

ሌላ ቆዳ ሰጧት። ቆረጠች፣ ወጋች፣ በሰም ክር ሰፋች። ቅርፅ የማስያዙን ነገር በቁርጥራጭ ላይ አለማመዷት፤ ቆዳው ውሃ ይጠጣና ሲለሰልስ በጣት እየተጫኑ መሣሪያውን እንዲመስል ያደርጉታል። «ጥፍርሽን ጠብቂ» ይሏታል። «እርጥብ ቆዳ የነካውን ሁሉ ይቀበላል። ሳይደርቅ በማለስለሻው አጥንት ካላለሰለስሽው የጣትሽን ምልክት እንደያዘ ይኖራል።» ሰሞኑን ደግሞ ማታ ማታ ወይራ ይጠርቡ ነበር፤ የጫማ ፎርማ መስሏት አልጠየቀችም።

በዚያች ክፉ ቀን ጠዋት ኤልያቄም ሽጉጡን ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። የአባቷ ፊት ልውጥውጥ አለ። «ፋዮ፣ ተክለ ሃይማኖት ሂጂና ሰም ክር ገዝተሽ ነይ» አሏት። ስትመለስ ኤልያቄም ሄዷል፤ ማህደሩ በውሃ ርሶ፣ ሆዱ ሞልቶ፣ አፉ ተጠቅልሎ በክር ታስሮ ከሚስማር ተንጠልጥሏል።

«አስያዝኩልሽ ቅርፁን» አሉ ኮፍያቸውን እየደፉ። «ገና ነው፤ አትንኪው። ከምሳ በኋላ አብረን በአጥንት እናለሰልሰዋለን።»

ከምሳ በኋላ የለም። ሰው እየጮኸ መጣ። ፋዮ እሪ እያለች በወጣችበት እግሯ ተመልሳ ያደረገችው ነገር ቢኖር፣ ያንን ጥቅል በክሩ ጫፍ፣ እንደሚናከስ ነገር ከሰውነቷ አርቃ ይዛ፣ ጆንያው ውስጥ መቅበር ነበር።

አሁን ያ ሁሉ ሴት የቆዳ መስፊያውን ክፍል ሞልቶ ተቀምጧል። እትዬ ኮከቤ ድምፃቸው ተዘግቶ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት።

«ወታደር ነበር እኮ ፉፋ። ያየውን ለኔም አልነገረኝም። ብቻ ስንጋባ ማለልኝ፤ ‹እኔ ቤት መሣሪያ አያድርም› ብሎ። ገመቺስ ልጅ ሆኖ ከጣውላ ሽጉጥ ሠርቶ ‹ጧ! ጧ!› ሲልበት ነጥቆ በጉልበቱ ሰበረው፤ ምድጃ ውስጥ ከተተው። ልጄ ያን ቀን እንዴት አለቀሰ! እሱ ግን ከልጁ ብሶ እዚሁ በርጩማው ላይ ሲያለቅስ አገኘሁት።»

ፋዮ ይሄን ሰምታ ዓይኗን ወደ ጆንያው ላከች። እንዲህ የማለ ሰው፣ ታዲያ ያን ጠዋት እንዴት ተቀበለው? ለሷ ሲል ነው? እሷ እንድትማር ሲል መሐላውን በላ? ይሄ ሐሳብ ከመጣባት በኋላ እህል አልወረደላትም።

የሣልስቱ ቀን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ወሬው ደረሰ። ማኑ በዋስ ተፈቷል፤ ሽማግሌዎች እናቱንና እሱን ይዘው ይቅርታ ሊለምኑ ይመጣሉ። ፋዮ ነጠላዋን ሳታስተካክል ወደ መስፊያው ክፍል ሮጠች። ጆንያው እቦታው አለ። እጇን ከተተች። ቁርጥራጭ። ገለበጠችው። ቁርጥራጭ፣ ቁርጥራጭ፣ አሁንም ቁርጥራጭ።

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይሄ ነው። ቁርጥራጩን እንደተበተነ ትታ ወደ ድንኳኑ ወጣች።

ገመቺስ ድንኳኑ ውስጥ በዚያው ጥግ ተቀምጧል። ጋቢው ግን በግራ ጎኑ በኩል እብጥ ብሏል። አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«ገመቺስ፣ እስቲ ና አንዴ፤ እፈልግሃለሁ።»

«ተይኝ ፋዮ።»

«የወሰድከው ነገር አለ?»

ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«በአባዬ አጥንት ይዤሃለሁ፤ ስጠኝ።»

«ተይኝ አልኩሽ እኮ።»

በዚህ መሀል ውጭ ጫጫታ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ደርሰዋል። ፊት ፊት የማኑ እናት ዙሃራ ሻርፓቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፤ ከኋላቸው ማኑ በባዶ እግሩ፣ ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ወደ መሬት አጎንብሶ። ያ ሳቂታ ልጅ አይመስልም። ድንኳኑ አፍ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ተንበረከኩ።

«ስለ ፈጠራችሁ!» አሉ ዙሃራ። «ኮከቤ፣ እህቴ፣ ልጄን አምጥቼልሻለሁ።»

ጋሽ ደጉ ለመናገር ብድግ አሉ። ገመቺስ ቀድሟቸው ተነሣ።

ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። ማኑ ፊት ቆመ። ከዚያ ቀኝ እጁ ከጋቢው ሥር ገብቶ ሆዱን አቋርጦ ወደ ግራ ጎኑ ሲሄድ ፋዮ አየች። ምን እንዳሰበች እሷም አታውቀው፤ ዘላ በሁለቱ መሀል ገባችና እጆቿን ዘረጋች።

«እኔን! እኔን ገመቺስ!»

ሴቶቹ ጮኹ። እጁ ወጣ። የያዘው ሽጉጥ ነው። ቀይ ቡናማ፣ ወዝ ያለው፣ አፈሙዙ ድፍን፣ የወይራ እንጨት።

ገመቺስ በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ያዘው።

«ለሱ ብዬ ነው የወሰድኩት» አለ በአገጩ ወደ ማኑ እያመለከተ። «ልደብቃችሁ አልችልም። ፋዮ አክስቴን ስትቆጣ ጠርጥሬ፣ ጎህ ሲቀድ አወጣሁት። ልገድለው ነበር። ስፈታው እንጨት ነው።» ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ የኔን ሰብሮ አቃጠለብኝ አይደል? ይሄን ቁጭ ብሎ ጠረበው። የሰውን ሽጉጥ ቤቱ ላለማሳደር ቁጭ ብሎ በእጁ ጠረበው። እዪው፣ በብርጭቆ ስባሪ ፍቆ አለስልሶታል።»

ከዚያ ለቅሶው መጣ። እንዴት ያለ ለቅሶ! የሦስት ቀኑ ባንዴ ወጣ። እትዬ ኮከቤ ተነሥተው ልጃቸውን አንገቱን ይዘው ወደ ደረታቸው አስጠጉት፤ ዙሃራ መሬት ላይ እንዳሉ እሪ አሉ።

«ድንጋዩን አውርዱለት» አለ ገመቺስ በእናቱ ትከሻ ላይ እንዳለ። «እኔ እጄ እንቢ ብሎኛል። እናንተ አውርዱለት።»

ጋሽ ደጉና አንዱ ሽማግሌ ድንጋዩን ከማኑ አንገት አነሡት። ማኑ ግን ቀና አላለም፤ እዚያው ግንባሩን ምድር ላይ ደፍቶ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ፈረሰ። ሰውም ተቃለለ። ፋዮና ገመቺስ መስፊያው ክፍል ውስጥ ናቸው። ማህደሩን ገመቺስ ከጋቢው ሥር አውጥቶ ሰጣት፤ ሆዱ ባዶ ሆኖ ተጨማዷል፤ ጆንያ ውስጥ ታፍኖ ስለከረመ ግን እርጥበቱ አልለቀቀውም። የእንጨቱን ሽጉጥ ቀስ አድርጋ መለሰችበት። ልክ ገባ፤ እውነተኛውንማ ኤልያቄም ያን ዕለት ጠዋት ራሱ ይዞት ሄዶ ኖሯል። የቀበቶ ማስገቢያው በትክክል ወደ ፊት ተጋድሟል፤ ስፌቷም አላሳፈራትም።

በጣቷ እየተጫነች ስትሄድ ከቃታው መከለያ በታች አንድ ጎድጓዳ ቦታ አገኘች። ሰፊ ነው። ዳር ላይ በወስፌ የተበላችው የጥፍር ጫፍ ሳትቀር ተቀምጣለች። የአባቷ አውራ ጣት ነው።

መሳቢያውን ስባ የማለስለሻውን አጥንት አወጣች። ሳይደርቅ ነው፤ አሁን ካልሆነ አይሆንም። አጥንቱን ምልክቱ አፋፍ ላይ አሳረፈችው፤ እጇ ግን አልሄደም። የራሷን አውራ ጣት ጎድጓዳው ውስጥ ከተተች። በግራም በቀኝም ተረፋት።

«አታለሰልሺውም?» አለ ገመቺስ። «ሰውዬው ይመጣል እኮ።»

«ለሱ ሌላ እሠራለታለሁ» አለችና አጥንቱን ወደ መሳቢያው መለሰችው።